የሞተር ብስክሌት ሰንሰለትና የመሥሪያ ቤት ኃላፊነት

የመንግሥት ሥራ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። የእርሻው ባለሙያ ወደ ገበሬው ማሳ፣ የጤናው ሠራተኛ ወደ እናቶችና ወደ ሕፃናት ቤት፣ የእንስሳቱም ሐኪም ከብት ወደ ታመመበት መንደር ካልደረሰ በቀር በወረቀት ላይ ያማረው ዕቅድ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አገራችን ተራራና ሸለቆ የበዛባት፣ መኪና የማይገባበት ቀበሌዋም ብዙ የሆነ አገር ስለ ሆነች፣ ለዚህ ዐይነቱ ጉዞ ከበቅሎ ቀጥሎ የታመነው አገልጋይ ሞተር ብስክሌት ነው። ስለዚህም በየወረዳው ለእርሻ፣ ለጤናና ለሌላውም ሥራ ሞተር ብስክሌት ይታደላል፤ ቁልፉ በሚሰጥበትም ቀን ደስታ ይደረጋል፤ ንግግር ይነገራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል።

ዳሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ዕቃ ማን እንደሚጠርገው፣ ዘይቱን ማን እንደሚቀባው፣ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚመረመር ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሞተሩ ገና ጤነኛ ሳለ፣ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት የቆመ ሞተር ብስክሌት ይታያል። ምክንያቱ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ታላቅ ነገር ሆኖ አይገኝም። ትንሽ ዘይትና የሩብ ሰዓት ሥራ የተነፈገ ዕቃ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናመለክት ያሰብነው ይህንኑ ነው። ከሞተር ብስክሌት ክፍሎች መካከል ቶሎ ከሚያልቁትና ቶሎ ከሚዘነጉት አንዱ ሰንሰለቱ ከነጥርሶቹ ነው፤ የሚያልቀውም በመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ጠባቂ በማጣት ነው፤ የዚህም መድኃኒት ከመካኒኩ አስቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ አለቃ እጅ ይገኛል።

በጋራዥ ቋንቋ ካቴና የሚባለው ይህ ሰንሰለት በሞተሩና በኋላው ጎማ መካከል የቆመ መልእክተኛ ነው። ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት ከፊት ባለው ትንሽ ጥርሳም መዘውር ላይ ይደርሳል፤ ሰንሰለቱም ይህን ጉልበት ተቀብሎ በኋላው ጎማ ላይ ለታሰረው ለትልቁ ጥርሳም መዘውር ያስረክባል። ዛሬ የምናየውን ዐይነት ሰንሰለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ያወጣው፣ በትውልዱ ስዊሳዊ የሆነው መሐንዲስ ሐንስ ሬኖልድ ነው። በየመጋጠሚያው ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፤ ዘንጉ በትንሽ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ በቱቦውም ላይ ከመዘውሩ ጥርስ ጋር የሚገናኝ ተሽከርካሪ ቀለበት ተሰክቷል። እነሆ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎ፣ ሌላው የሞተር ጥበብ ሁሉ ሲለዋወጥ፣ የዚህ ሰንሰለት መሠረታዊ አሠራር ሳይለወጥ እስከ ዛሬ አለ።

ብዙ ሰው ሰንሰለት ሲረዝም አይቶ «ብረቱ ተለጠጠ» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚረዝመው ብረቱ እንደ ጠፍር ስለ ተሳበ ሳይሆን፣ በየመጋጠሚያው ያለው ዘንግና ቱቦ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ስለ ተበላ ነው። በጽና ሰንሰለት ላይ ይህን ያላየ ካህን የለም፤ ቀለበቱ የሚሳሳው በመካከሉ ሳይሆን ቀለበት ከቀለበት በሚገናኝበት ቦታ ነው። የሞተር ብስክሌት ሰንሰለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ የሚበልጡ መጋጠሚያዎች ስላሉት፣ በእያንዳንዱ ላይ ለዐይን የማይታየው ጉዳት ሲደመር የሚታይ ይሆናል። አንድ መቶ ሃያ መጋጠሚያ ያለው ሰንሰለት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢበላ፣ መላው ሰንሰለት በ12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው።

ለዚህም መለኪያ አለው። በአነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች ላይ በብዛት የሚገኘው 428 የሚባለው ሰንሰለት ከዘንግ እስከ ዘንግ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሃያው መጋጠሚያ አንድ ላይ ተወጥሮ ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ልክ 259 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ይኸውም ከመቶው ሁለት እጅ ያህል ሲረዝም፣ ሰንሰለቱ ዕድሜውን ጨርሷልና መለወጥ ይገባዋል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው። ማስመሪያ ደግሞ የማይገኝበት ጽሕፈት ቤት የለም።

ሰንሰለቱ ሲረዝም ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም። በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከጥርሶቹ ርቀት ጋር መስማማቱን ሲተው፣ ሰንሰለቱ በጥርሱ ሥር መቀመጡን ትቶ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ብዙ ጥርሶች የሚካፈሉትንም ሸክም ጥቂቶች ብቻ ይሸከሙታል። እነዚያም ጥርሶች በአንድ ወገን እየተበሉ እንደ ማጭድ ይቆለምማሉ። የፊተኛው መዘውር ዐሥራ አራት፣ የኋለኛው አርባ ሁለት ጥርስ ቢኖረው፣ የኋለኛው አንድ ጊዜ ሲዞር የፊተኛው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ የፊተኛው ጥርስ አስቀድሞ ያልቃል። ሽፋን ስላለውም ማለቁን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ የታወቀ ስሕተት ይፈጸማል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል አሮጌው ሰንሰለት ተጥሎ አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ይገጠማል። የቆለመመው ጥርስ ግን አዲሱን ሰንሰለት እንደ አሮጌው እስኪሆን ድረስ ይበላዋል። እንደዚሁም አዲስ ጥርስ ከአሮጌ ሰንሰለት ጋር ቢገጠም ሰንሰለቱ ጥርሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሦስቱ፣ ማለት ሰንሰለቱና ሁለቱ መዘውሮች፣ ሲያልቁ በአንድነት መለወጥ አለባቸው። በግዢ ክፍል ያሉ ሹማምንት ይህን በልባቸው እንዲያኖሩት እንለምናለን፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የፈቀደ የግዢ ደብዳቤ ያዳነ ይመስላል እንጂ አላዳነም፤ ሁለተኛ ወጪ ጽፏል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ንብረት ጥፋት ነው። የሚበልጠው ግን በነጂው ሕይወት ላይ የሚመጣው አደጋ ነው። ከልክ በላይ የላላ ሰንሰለት እየተወዛወዘ ሄዶ ከጥርሱ ሊወጣ ይችላል። ወጥቶም በፊተኛው መዘውርና በሞተሩ ቤት መካከል ሲጠመጠም የኋላው ጎማ በድንገት ይታሰራል፤ ነጂውም ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል። የተበጠሰም ሰንሰለት እንደ ጅራፍ ተወርውሮ የሞተሩን ቤት ሊሰብርና ዘይቱን ሊያፈስ፣ የነጂውንም እግር ሊያቆስል ይችላል። በቁልቁለት ላይ ሲበጠስ ደግሞ ሌላ መከራ አለበት፤ ሞተሩ ጎማውን በማርሽ ይዞ ያዘገየው የነበረው ኃይል በዚያው ቅጽበት ስለሚጠፋ፣ ለነጂው የሚቀርለት ፍሬን ብቻ ነው። ወደ ሸለቆ የሚወርዱ መንገዶቻችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ያስተውለዋል።

ከልክ በላይ የጠበቀውም ከላላው አይሻልም። ሞተር ብስክሌት በድንጋይ ላይ ሲሄድ የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ጎማው ሲነሣም በሁለቱ መዘውሮች መካከል ያለው ርቀት ይለወጣልና ሰንሰለቱ ይወጠራል። ቀድሞውኑ የተወጠረ ከሆነ ግን የሚሰጠው ነገር የለውም። ስለዚህ የማርሹን ዘንግና ኩሽኔታውን እየሳበ ይጐዳል፤ ራሱም ቶሎ ያልቃል። ሰንሰለት ማጥበቅን እንደ ትጋት የሚቈጥሩ ነጂዎች ይህን ባለማወቅ ታላቁን የሞተር ክፍል ለጥፋት ይዳርጋሉ።

እንግዲህ ጥበቃው ምን ያህል ከባድ ነው? እውነቱን ለመናገር ማንኛውም ሠራተኛ በአንድ ቀን ተምሮ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ከሁሉ በፊት ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ማርሹም ነፃ ሆኖ ጎማው በእጅ መዞር አለበት። ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለቱን በጨርቅ መጥረግ ጣት የሚያስቈርጥ ሥራ ነውና ማንም ሰው ለችኮላ ብሎ እንዲህ እንዳያደርግ በጽኑ መከልከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ጭቃውና አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ላምባ ይታጠባል፤ በጨርቅም ይደርቃል። ቀጥሎ ዘይቱ በሰንሰለቱ ውስጠኛ ወገን፣ ሳንቃዎቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ እየተንጠባጠበ ጎማው ይዞራል። ዘይቱ መድረስ ያለበት ወደ መጋጠሚያው ውስጥ ስለ ሆነ ላይ ላዩን ማፍሰስ አይጠቅምም፤ የተረፈው በጨርቅ መጠረግ አለበት። ይህ ሥራ ከጉዞ መልስ፣ ሰንሰለቱ ገና ሙቀት ሳለው ቢደረግ ዘይቱ በደንብ ይገባል፤ እስከ ነገውም ጉዞ ድረስ ይረጋል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስጠነቅቃለን። መጀመሪያ፣ ከሞተር የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያ ዘይት የብረት ፍርፋሪና ጥቀርሻ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ መፋጨትን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው ዘይት ባይገኝ እንኳ ንጹሕ ወፍራም የማርሽ ዘይት ይሻላል። ሁለተኛ፣ በዛሬው ዘመን በየመጋጠሚያው ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች የገቡባቸው ሰንሰለቶች አሉ። እነዚህ ቀለበቶች በፋብሪካ የተጨመረውን ግራሶ በውስጥ ጠብቀው ያኖራሉ፤ በቤንዚን ቢታጠቡ ወይም በሽቦ ብሩሽ ቢፋቁ ግን ይበላሻሉ፤ ቀለበቱም ከተበላሸ ግራሶው ይወጣል።

የሰንሰለቱን ውጥረት መለካትም ቀላል ነው። በሁለቱ መዘውሮች መካከል፣ በታችኛው መስመር መካከለኛ ቦታ ላይ ሰንሰለቱ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ የሚሄደው ርቀት ይለካል። በአብዛኞቹ የአስፋልት ሞተር ብስክሌቶች ይህ ርቀት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሸካራ መንገድ በተሠሩት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ከዕቃው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ሰንሰለት በአንድ ወገን የበለጠ፣ በሌላው ያነሰ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ጎማው እየዞረ ከሁሉ በጠበቀው ቦታ ላይ መለካት ይገባል። ሲጠብቅም በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ጎማው ያጋድላል፤ ሰንሰለቱም ጥርሱን በጎን ይበላዋል። መጋጠሚያውን የሚይዝ ትንሽ የብረት መቈለፊያ ያለው ከሆነ ደግሞ፣ የመቈለፊያው ድፍን ወገን ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞሩ መረጋገጥ አለበት።

ይህ ሁሉ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ በክረምትም ጭቃና ጎርፍ ከተሻገሩ በኋላ ሳይዘገዩ ቢደረግ የሰንሰለቱ ዕድሜ ይረዝማል። አንዳንድ ሠሪዎች ለገጠር ብለው ያዘጋጇቸው ሞተር ብስክሌቶች አሉ፤ ለምሳሌ ያማሐ ለእርሻ ሥራ የሠራቸው ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 የተባሉት ሰንሰለታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽፋን የተዘጋ ነው። ይህ ለአቧራማ አገር እጅግ የተመቸ አሳብ ነው። ዳሩ ግን ሽፋን አቧራን ይከለክላል እንጂ ቍጥጥርን አያስቀርም፤ እንዲያውም ከዐይን የተሰወረ ነገር ከልብም ስለሚርቅ፣ የተሸፈነው ሰንሰለት ከተገለጠው ይልቅ ሊረሳ ይችላል።

የጥገና ጉድለት አንድን ታላቅ ሥራ እንዴት እንደሚያሰናክል ከጎረቤታችን አገር የተገኘ ምስክር አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪው ራንዲ ማሞላና ጋዜጠኛው ባሪ ኮልማን ለሕፃናት የተሰበሰበ ገንዘብ ምን ሥራ እንደ ሠራ ለማየት ወደ ሶማሊያ ሄደው ነበር። በዚያም ለጤና አገልግሎት የተሰጡ ተሽከርካሪዎች በጥቂት ጥገና ሊድኑ ሲችሉ ተበላሽተው ቆመው አገኙ። ከዚህም በመነሣት ኮልማንና ባለቤቱ አንድሪያ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በአያሌ የአፍሪካ አገሮች ለጤና ሠራተኞች ያስተማረው ነገር ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ ነጂው በየቀኑ ሞተሩን ፈትሾ እንዲነሣ፣ ዕቃው ሳይሰበር በጊዜው እንዲለወጥ፣ ለዚህም የሚሆን ገንዘብ ከግዢው ጋር አብሮ እንዲታሰብ ነው። ቁም ነገሩ በአገራችን አነጋገር ሲጠቃለል «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሰሙ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንዱ «ለዘይትና ለሰንሰለት የተያዘ በጀት የለም» የሚል ነው። ለሞተር ብስክሌቱ መግዣ ገንዘብ ተገኝቶ ለሰንሰለቱ ዘይት ከታጣ፣ ጉድለቱ የገንዘብ ሳይሆን የአሳብ ነው፤ በሬ ገዝቶ ድርቆሽ የሚከለክል ገበሬ የለምና። ሁለተኛው «ይህ የመካኒክ ሥራ ነው» የሚለው ነው። መካኒኩ በዞን ከተማ ሲኖር ሞተር ብስክሌቱ በየቀኑ በጭቃ ውስጥ ይሄዳል፤ ገበሬ ምራኑንና ጠፍሩን ለማየት ባለሙያ እንደማይጠብቅ ሁሉ ነጂም ሰንሰለቱን ለማየት መካኒክ መጠበቅ የለበትም። ሦስተኛው «ጥፋቱ የነጂው ነው» የሚል ነው። እርግጥ ቸልተኛ ነጂ አይጠፋም። ነገር ግን ሥልጠና ያልተሰጠው፣ ዘይት ጠይቆ የተከለከለ፣ «ሰንሰለቱ አልቋል» ብሎ ጽፎ መልስ ያጣ ሠራተኛ በመጨረሻ ዕዳው በእርሱ ላይ ቢወድቅ ፍርዱ ቀና አይደለም። በዚያ ባለቀ ሰንሰለት ላይ ተቀምጦ የክትባት ሣጥን ይዞ ቁልቁለት የሚወርደው እርሱ መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት አለቆች የሚከተለውን እንዲያደርጉ አሳባችንን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት በስም የታወቀ አንድ ጠባቂ ይኑረው፤ የሁሉም የሆነ ዕቃ የማንም አይደለምና። ሁለተኛ፣ ሰንሰለት የሚጸዳበትና የሚለካበት ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ ተወስኖ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትርና የተለካው ውጥረት በደብተር ይጻፍ፤ አለቃውም በየወሩ ደብተሩን ተመልክቶ ይፈርምበት። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ በጀት ሲዘጋጅ ሰንሰለቱና ሁለቱ ጥርሳም መዘውሮች በአንድነት፣ ዘይቱም በተለየ መስመር ይያዙ። አራተኛ፣ ሠራተኛ ሲዛወር ሞተር ብስክሌቱ በቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሰንሰለቱና የጥርሱ ሁኔታ በጽሑፍ ተመዝግቦ ይረከብ። አምስተኛ፣ ጉዳትን በጊዜው ያመለከተ ሠራተኛ ይመስገን እንጂ አይወቀስ፤ ወቀሳ የሚፈራ ሰው ጉዳቱን እስኪሰበር ድረስ ይደብቃልና።

በየደብሩና በየገጠሩ አጥቢያ ያሉ ካህናትም በዚህ ጉዳይ ድርሻ የሌላቸው አይደሉም። በአያሌ የወረዳ ከተሞች ሰውና ዕቃ በሞተር ብስክሌት እያመላለሱ እናታቸውንና ታናናሾቻቸውን የሚያስተዳድሩ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ ሞተሩን በብድር የገዙ ስለ ሆነ ሰንሰለቱን እስኪበጠስ ድረስ ይነዱበታል፤ በሚበጠስበት ቀን ግን በኮርቻው ላይ ያሉት እነርሱ ብቻ አይደሉም። ከሌላ ሰው ይልቅ የንስሐ አባቱን ምክር የሚሰማ ልጅ «ሰንሰለትህን አይተሃልን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ይህች አጭር ጥያቄ ከረጅም ደንብ ይልቅ ልትጠቅመው ትችላለች።

ሥልጣኔ ዕቃን በመግዛት ብቻ አይለካም፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛልና። የሚለካው የተገዛው ዕቃ ለተገዛለት ሥራ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ በመዋሉ ነው። አንድ ሞተር ብስክሌት ያለ ጊዜው ሲቆም የሚቆመው ብረት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ማዶ የክትባት ቀን የምትጠብቅ እናት፣ የታመመ በሬውን አስሮ ሐኪም የሚጠብቅ ገበሬ አብረውት ይቆማሉ። እነዚህ ሰዎች ባለሙያው ለምን እንደ ቀረ አይነገራቸውም፤ ምክንያቱ የሁለት ጠብታ ዘይት ጉድለት መሆኑንም አያውቁም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ያወቀም ሰው ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሹም ሁሉ ነገ ጠዋት ወደ ቢሮው ከመግባቱ በፊት በግቢው ወደ ቆሙት ሞተር ብስክሌቶች ጎራ ብሎ፣ ሰንሰለታቸውን በጣቱ ነክቶ፣ «የዚህ ጠባቂ ማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናሳስባለን።